ድምፁን የዘጋሁበት ኮርማ

ስለ ኮርማ ፍልሚያ ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር። ፍልሚያውን የማውቀው ከቪዲዮ ብቻ ነው፤ እሱንም ድምፁን ዘግቼ። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ነርስ ስለሆነች ቀን ትተኛለች፤ በስደት በምንኖርባት በኢገን ከተማ ደግሞ የአፓርትማችን ግድግዳ ስስ ነው። ተፋላሚው ሰው፣ ማታዶሩ፣ ቀዩን ጨርቅ ሲያዞር፣ የኮርማው ቀንድ በወገቡ አጠገብ ሲያልፍ እያየሁ ቅዳሴ መሰለኝ። እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች ሞት ከሩቅ ሲያምር ደስ ይለናል።

ጽሑፉን ቤት ውስጥ ሳነብ፣ እዚሁ የተወለደችው ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ “አንተ ግን አርደህ ታውቃለህ?” አለችኝ። እልህ ያዘኝ። “ለፋሲካ ታያለሽ” አልኳት።

በየዓመቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቅርጫ እንገባለን። አንድ በሬ ገዝተን፣ ከከተማ ወጣ ያለ እርሻ ላይ አርደን፣ ሥጋውን መድበን በዕጣ እንካፈላለን። የሚያርዱልን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ እግር ከመያዝ አልፌ አላውቅም።

ቀኑ ደርሶ እርሻው ላይ ስንሰበሰብ፣ “ጋሼ፣ ዘንድሮ እኔ ልረድ” አልኳቸው።

“አንተ? በብዕር አይሻልህም?” አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ካራውን ሰጡኝ። ልጄ መኪናው ውስጥ ሆና በመስኮት ታያለች።

በሬው ታስሮ ወድቋል። “በስመ አብ” ብዬ ካራውን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ግን በቅጡ አልቆረጠም። ቆዳው ወፍራም ነበር፤ እኔ ደግሞ በፍርሃት ላላሁ። በሬው አጓራ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ካራውን ነጥቀው ባንድ ጊዜ ጨረሱት።

ላባቸውን እየጠረጉ፣ “አየህ ልጄ፣ የአራጅ ሥራ ቶሎ ማሳረፍ ነው። ማቆየት ኃጢአት ነው” አሉኝ። እኔ ሦስት ገጽ ሙሉ ያወደስኩት ማቆየቱን ነበር።

ድርሻችንን ጭነን ከልጄ ጋር ተመለስን። “ዳድ፣ ኦኬ ነህ?” ብላ የጠየቀችኝ ቤት ደርሰን ነው። “አይደለሁም” አልኳት።

ጽሑፌን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ጨርቁ አለ፣ ማታዶሩ አለ፣ ትንፋሹን የያዘ ሕዝብ አለ። ኮርማው አንድም ቦታ አያጓራም። ቪዲዮውን ከፈትኩና ድምፁን ለቀቅኩት። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጥቂት ሰምታ ጆሮዋን ያዘች።

“ዝጋው” አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዘግቼው ነበር። ያን ቀን ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።