በክብ የተፈረመው ደብዳቤ

ልብስ ተኳሿ የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነችው ከስብሰባ በመቅረቷ ነው። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሹመት የሚሰጠው እንደዚህ ነው፤ የመጣው ሰው "ሥራ ይበዛብኛል፣ እኔን ተዉኝ" እያለ ይማጸናል፣ ለቀረው ግን የሚማጸንለት የለምና በሙሉ ድምፅ ይመረጣል። እሷ ያን ቀን የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ነበር የዋለችው። ቤቷ ስትገባ ልጇ "እማዬ፣ ጸሐፊ ሆነሻል" ብላ ነገረቻት። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እምቢ ለማለትም ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ እግር አልነበራትም።

የምትሠራው ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ሰማይ እንጂ ሰው አያሳይም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች፤ ጠዋት አንሶላ፣ ከሰዓት የአስተናጋጆች ሸሚዝ፣ ድግስ ያለ ቀን ደግሞ ማለቂያ የሌለው የጠረጴዛ ልብስ። ቀኝ ክንዷ ከግራዋ ወፍሯል። አመሻሹ ላይ እግሯ አብጦ ጫማዋን እምቢ ይላል። ባሏ ጥሏት ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ስለ እሱ ማውራት አትወድም፣ እኛም አናነሳውም። ያላት አንድ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ አንገቷን የምትደፋ ዓይነ አፋር።

የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ወላጆች በሌለበት "ሰዓት እላፊ" ይሉታል። ጠዋት ደወሉ ሲያበቃ የግቢውን በር ራሱ ቆሞ ስለሚያዘጋ ነው ስሙ የወጣለት። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ቢሳደብማ ነገሩ በቀለለ። ሰው ሲመጣ ከወንበሩ ይነሳል፣ "እርስዎ" ይላል፣ የሚነገረውን ሁሉ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ በር ድረስ ይሸኛል። ጉዳይህን ሳይፈጽምልህ አመስግነኸው የምትወጣ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ የሴት ልጆቹን መጸዳጃ ቤት ቆለፈው። ቧንቧ ተሰብሯል፣ ግድግዳው ላይ ነውር ተጽፏል፣ በትምህርት ሰዓት እየወጡ ይደበቁበታል አለ፤ ያለውም ውሸት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሚከፈተው በዕረፍት ሰዓት ብቻ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ። ሴት ልጆቹ አራት መቶ ናቸው፣ በሮቹ አራት። ሰውየው ድሮ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ይህችን ማካፈል ግን አልሠራትም። ቁልፉም ከሱሪ ኪሱ አይለይም።

ልጆቹ መላውን ራሳቸው አገኙት፤ ውኃ አለመጠጣት። ጠዋት ሳይጠጡ ይመጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጉሮሯቸው ደርቆ ይውላሉ። የተኳሿ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በትኩሳት ተንቀጥቅጣ፣ ወገቧን ይዛ ወደቀች። ሐኪሟ በቀን ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጣ ጠየቀቻትና መልሱን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ እየተደጋገመ ከሄደ ኩላሊቷ ጋ ይደርሳል ብላ ለእናትየው ነገረቻት።

ተኳሿ የሐኪሟን ወረቀት ይዛ ብቻዋን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ተነሳላት፣ አዘነላት፣ የነገረችውንም ጻፈ። ከዚያ ለልጅቷ ብቻ የሚሆን የፈቃድ ካርድ አዘጋጅቶ ሰጣት፤ ያንን ስታሳይ ጥበቃው ቁልፉን ከእሱ ተቀብሎ በሩን ይከፍትላታል። ተኳሿ እያመሰገነች ወጣች። ልጅቷ ግን ካርዱን ከመጽሐፏ መሐል ከትታ አንድ ቀንም አላወጣችውም። "እሱን ይዤ ስነሳ እኮ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል" አለች። እናቷ ብትቆጣ፣ ብትለምን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

እንዲህ ያለ ስጦታ የደረሳት እሷ ብቻ አልነበረችም። ሁለት ሴት ልጆች ያሉት አናጢ ዛሬስ ጠረጴዛውን እገለብጥበታለሁ ብሎ ገብቶ፣ ትንሿ ልጁ ወደፈለገው ፈረቃ ተዛውራለት "ለካ ሰው ነው" እያለ ወጣ። ሌላዋ እናት ለልጇ የፊት ወንበር አገኘች። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድ ለስልሰው ይወጣሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ይህን ያስተዋሉት የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው በደብዳቤ የማያምኑበት ምክንያት የለም። ለየብቻ መግባት ይብቃን፣ አንድ ላይ እንጻፍ አሉ። ችግሩ ማን ከላይ ይፈርም የሚለው ነበር፤ የመጀመሪያው ፈራሚ ሰውየው ጥርስ ውስጥ መግባቱ ነው። ለዚህም ዘዴ ነበራቸው። ድሮ የፖስታ ቤት ሠራተኞች አለቃቸውን ሲከሱ ስማቸውን ከላይ ወደ ታች አይደረድሩም፣ በክብ ነው የሚፈርሙት። ክብ መጀመሪያ የለውም፤ አድመኛው ማን ነው ቢባል የሚያዝ ሰው አይኖርም።

ተኳሿ ማመልከቻውን በጥንቃቄ ገልብጣ ጻፈች። ፖስተኛው ከሥሩ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ደፍተው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ። አርባ አንድ ወላጅ ወረቀቱን እያዞረ ፈረመ። አናጢው ሳይቀር ፈረመ፤ እንደ መኪና መሪ ስናዞረው ዋልን እያለም አሳቃቸው። ያ ኮሚቴ አብሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ተኳሿም ያን ዕለት ወገቧ ትንሽ ቀለል ያላት መሰላት።

አምስት ሆነው ወደ ቢሮው ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ሁሉንም አስቀመጠ፣ ደብዳቤውን ተቀበለ፣ ወረቀቱን ቀስ እያለ አዙሮ አርባ አንዱንም ስም አነበበ። የእጅ ጽሑፉንም አደነቀ። ከዚያ የገቢ ደብዳቤዎችን መዝገብ ከፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ።

"ላኪው ማን ብዬ ልመዝግብ?"

"ወላጆች" አሉ ፖስተኛው።

"ወላጆች ብዙ ናቸው አባባ። መልስ ስሰጥ የምጽፈው ለአንድ ሰው ነው። ስም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ላይ አይወጣልኝም። ማን ልበል?"

አናጢው እንደ ሙያው ጣሪያውን መመርመር ያዘ። ፖስተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የልጅ ልጃቸው በዓመቱ መጨረሻ ትልቅ ፈተና አለባት፣ የፈተና ቅጹን የሚፈርመው ደግሞ ይኸው ሰውዬ ነው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝም አሉ። ተኳሿም ዝም አለች። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ እሷም የራሷን ጫማ ነበር የምታየው። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ዘጋ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጁ መለሰላቸው፣ በር ድረስም ሸኛቸው። ማንም እንዳይጠቃ ተብሎ የመጣው ዘዴ ሁሉንም አፍ አስይዞ አስወጣቸው።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴውን ውኃ በላው። አናጢው ስልክ ማንሳት ተወ። ፖስተኛው መንገድ ላይ ሲያገኟት ስለ አየሩ ያወራሉ። ደብዳቤው ተጨማድዶ የተኳሿ ቦርሳ ውስጥ ቀረ።

የወሩ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀች። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ግራ ኩላሊቷ ተነክቷል አለች ሐኪሟ፤ አሁን ይድናል፣ እንደገና ከመጣ ግን ምን እንደሚሆን ቃል አልገባልሽም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስላልነበረ ተኳሿ ይህን የሰማችው ቆማ ነው። አላለቀሰችም። ለቅሶም ጉልበት ይጠይቃል፤ ያላትን ጉልበት ደግሞ አራቱ ቀን ጨርሶታል።

በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባች። በምሳ ሰዓት ደብዳቤውን አውጥታ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችውና ለብ ያለ ካውያ አስነካችው። ተዘርግቶ ሲተኛ ትኩር ብላ አየችው፤ ዙሪያውን አርባ አንድ ስም፣ መሐሉ ባዶ። ብዕር ተዋሰችና መሐሉ ላይ ሙሉ ስሟን፣ ከስሟም ሥር ስልኳን ጻፈች። ጀግንነት ይዟት አልነበረም። ደክሟት ነው። ሰው አንዳንዴ መፍራቱም ይታክተዋል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ካየ በኋላ ቀና ብሎ አያት።

"ላኪዋ እርስዎ ነዎት ማለት ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጅዎ ሰባተኛ ሐ ናት አይደል?"

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። "አዎ፣ ሆስፒታል ተኝታ የከረመችው። እሱንም ይጻፉልኝ" አለችው።

ጻፈው። የገቢ ቁጥርም ሰጣት። እሷ ግን የእሱን መልስ ሳትጠብቅ ቁጥሩን ይዛ የበላዩ የሆነውን የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት ጀመረች። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ማኅተም ያዢዋ ወጥታለች፣ ሦስተኛው ቀን መብራት የለም። ለእያንዳንዱ ቀን አለቃዋን ስትለምን ምላሷ ተላጠ። በአራተኛው ቀን ፖስተኛው ማንም ሳይጠራቸው መጥተው አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

"ያን ዕለት አፌን የያዘኝን ነገር አታውቂውም ልጄ" አሏት።

"አውቀዋለሁ አባባ። እኔንም ይዞኝ ነበር።"

ሌላ ነገር አልተነጋገሩም፤ ተራቸው እስኪደርስ አብረው ተቀመጡ። በሦስተኛው ሳምንት መመሪያ ወረደ። መጸዳጃ ቤቱ ትምህርት እስኪያበቃ ድረስ ክፍት ይሁን፣ ጽዳትም ይመደብለት ይላል።

ርዕሰ መምህሩ ታዘዘ፤ እሱ መመሪያ የሚጥስ ሰው አይደለም። ሰኞ ጠዋት ተማሪው በተሰለፈበት ማይክሮፎኑን ያዘና በዚያ ለስላሳ ድምፁ ነገሩን አበሰረ። ይህ የሆነው፣ አለ፣ የሰባተኛ ሐ ተማሪ እህታችሁ በሽንት ቧንቧ በሽታ ስለታመመች እናቷ አመልክተው ነው። የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጠራ። እሷን እያሰባችሁ በንጽሕና ተጠቀሙ ብሎም ጨረሰ። ግቢው ሙሉ ተማሪ አንገቱን እያዞረ ፈለጋት። ክፋት ነው ያሉ ነበሩ፣ ደግ ምክር ነው ያሉም አልጠፉም። ተኳሿ ግን ሲነግሯት ነገሩ እንዴት ተመዝኖ እንደተወረወረ አልጠፋትም፤ በአሥራ አንድ ዓመት በእጇ ያለፈውን ሸሚዝ ቁጥር ያህል ሰውየውን ጠላችው።

ያን ቀን ወላጆች እየደወሉ መረቋት። አናጢውም ደወለ፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር አላት። ቤት ስትገባ ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ብዙ ከለመነቻት በኋላ ተናገረች።

"ሁሉም ይገባሉ እማዬ። እኔ ስሄድ ግን እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። ተመለስኩ።"

"ውኃስ ጠጣሽ?"

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች። ተኳሿ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አራት መቶ ልጆች የሚገቡበትን በር አስከፍታ የራሷን ልጅ በር ላይ አስቀርታለች። ይህን ለማን አቤት እንደሚባል፣ በምን ቁጥር እንደሚመዘገብ አታውቅም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሥራ ላይ ሽርጧን እንዳደረገች አለቃዋን ግማሽ ሰዓት ለመነቻት። አለቃዋ ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ሂጂ አለች። ትምህርት ቤት የደረሰችው በዕረፍት ሰዓት ነው። ልጇ ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ተለጥፋ፣ ሰው የማያያት መስሏት ቆማለች። እናቷን ስታይ ደነገጠች።

"ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"ወረፋ ልይዝ" አለች ተኳሿ፣ "ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ነው የመጣሁት፣ አላስችል ብሎኛል።"

"እማዬ፣ በናትሽ፣ ሰው ያያል።"

"ይይ።"

ሄዳ ከሴት ልጆቹ ኋላ ቆመች፤ ከነሽርጧ፣ ከነእንፋሎት ሽታዋ፣ ከሁሉም በአንድ ክንድ ረዝማ። ልጆቹ ተንሾካሾኩ፣ ሳቁም። አንዷ "እትዬ፣ ይቅደሙ" አለቻት። "ተራዬን እጠብቃለሁ የኔ ልጅ፣ መቆም ለምዶብኛል" አለቻት ተኳሿ። ወረፋው ሁለት ሰው አጠረ፣ ሦስት ሰው አጠረ። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ብትዞር ልጇ ትሸሻለች ብላ ፈራች። ጥቂት ቆይቶ እጇን የሚነካ ትንሽ እጅ ተሰማት። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች ከፊቷ ገብታ ቆመች።

ተራቸው ሲደርስ ቦርሳዋን ለእናቷ ሰጥታ ገባች። ተኳሿ በር ላይ ቦርሳውን ታቅፋ ጠበቀች። ስትወጣ እጇን ታጥባ በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያው ከቧንቧው ጎንበስ ብላ ትንሽ ጠጣች። ደወሉ ተደወለ።

"ነገም ትመጫለሽ?" አለቻት፣ እንደ ወትሮዋ በማይሰማ ድምፅ።

ተኳሿ አለቃዋን አሰበች፣ ያልተነካውን የአንሶላ ክምር አሰበች፣ መንገዱን አሰበች።

"እመጣለሁ" አለቻት።