የተወለወለው ወንዝ

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዬ የቆዳ ሙጫ ዘፍዝፌ ሳሞቅ፣ እንደ ራሰ የበግ ቆዳ ያለው ሽታው የልጅነቴን ቅዳሜዎች መለሰብኝ። አንድ ዓመት በበረዶው ወራት አባቴ ቅዳሜም ይሠራ ስለነበር፣ እናቴ እዚሁ አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወደምትንከባከባቸው ጃፓናዊት አሮጊት ቤት ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሚስ አያኮ የተፈጨ ድንጋይ በዚህ ሙጫ በጣታቸው እየለወሱ ቀለም ያዘጋጁ ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አይ ነበር።

ኮሪደራቸው ላይ አያታቸው የሳሏቸው ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር፤ ሁለቱም ላይ ያለው ወንዝ አንድ ነው። አንደኛው እንደ አውሮፓውያን በዘይት ቀለም የተሳለ፣ ጥላና ርቀት ያለው ሲሆን፣ ሌላው እንደ ጃፓን ልማድ በድንጋይ ቀለም ሐር ላይ የተሳለ፣ ጥላ የሌለው፣ መስታወትም ያልለበሰ ነበር። አያታቸው ወጣት ሳሉ ጃፓን ፊቷን ወደ አውሮፓ አዙራ ስለነበር፣ የዘይት ሠዓሊዎቹ «ኋላቀር»፣ በሙጫ ቀለም የሚሠሩት ደግሞ «ፈረንጅ አምላኪ» እያሉ ይነቅፏቸው እንደነበር ሚስ አያኮ እየሳቁ ነገሩኝ።

በጸደይ የሚስ አያኮ ዓይን እየደከመ ሄዶ ግድግዳውን እየዳሰሱ ማለፍ ጀመሩ። እናቴም ሥዕሎቹ ፊት ስቆም እጄን ይዛ ትጎትተኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ሙቀቱ ሲገባ ልጃቸው ከሌላ ከተማ መጣና ከሐሩ ሥዕል ፊት ቆመ። የወንዙ ሰማያዊ ገርጥቷል። ስልኩ ላይ ካለው የድሮ ፎቶ ጋር ካስተያየ በኋላ እናቴን «ይሄ የኛ አይደለም፤ ዋናውን ማን ወሰደው?» አላት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ ፖሊስ እንደሚጠራ ነገራት።

«ምንም እንዳትናገሪ፣ ለኢሚግሬሽን ሪፖርት ያደርጉሻል!» አላት አባቴ ምሳ ላይ። «ደሞስ ሥዕል ተሰርቆ ምን ይሆናል? ወጥ ይከደንበታል?»

«ዝም ብዬስ? ሌባ ብለውኝ የለ!»

በዚያ ሳምንት አባቴ ደጅ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እኔም እናቴ ስትገባ ቦርሳዋን አይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ልጃቸው ባለበት፣ እናቴ ከፌስታል ውስጥ ሰማያዊ የነካው ጨርቅ አውጥታ ሚስ አያኮ እጅ ላይ አኖረች። «ለፋሲካ ቤቴን ስወለውል የእርስዎንም ሥዕሎች ወለወልኩ» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፤ «በእርጥብ ጨርቅ። የዘይቱ ጸዳ፣ ይሄኛው ግን ለቀቀብኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ደበቅሁ።» ሚስ አያኮ ጨርቁን ሲያሹት የድንጋዩ ደቃቅ ጣታቸውን ቆረቆራቸው፤ ወደ ልጃቸው ዞረውም «ሥዕሉ የኛው ነው፤ ማንም አልሰረቀንም» አሉት።

እናቴ አልተባረረችም። ሰውየው ግን ከመሄዱ በፊት ከሥዕሎቹ በላይ ካሜራ አስገጠመ፣ እሷም ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ ከሥሩ ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ ታየው ነበር።

ያኔ ካሜራውንም ሰውየውንም እጠላ ነበር። አሁን፣ ድንጋይና ሙጫ መቀላቀልን ራሴን አስተምሬ ብቻዬን ስሠራ፣ የሚታሰበኝ ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ሳምንት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ አልጋዋ ሥር ያሉትን ሁለት ሻንጣዎች ከፍቼ ሥዕሉን ፈልጌያለሁ። ልብሶቹን አንድ በአንድ እንደነበሩ አጣጥፌ መልሻለሁ፤ እናቴ ግን የራሷን እጥፋት ታውቃለች፣ እስከ ዛሬም አልጠየቀችኝም።