በጅቡቲ በረሃ የቁስለኛነት ሥራዬ

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ መተኛት ነበር።

ከኮምቦልቻ መጥቼ ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ከወረድኩ ጀምሮ ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን ሰፈር፣ በማዳም ካድራ ቤት እየኖርኩ እሠራ ነበር። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ማዳም የጅቡቲ ተወላጅ ናቸው። ብዙ ዘመን በነርስነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ትንሽ ማሠልጠኛ ከፈቱ። አስጎብኚዎችንና ወጣቶችን ወደ በረሃ ይወስዳሉ። ድንኳን አተካከል፣ በካርታና በኮምፓስ መጓዝ፣ ከሁሉም በላይ ሐኪም በሌለበት ቦታ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚረዳ ያስተምራሉ።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ለልምምድ ቁስለኛ ሆና የምትተኛላቸው ሴት ቀረችባቸው። ማዳም ወጥ ቤት ገብተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳልንቀሳቀስ መተኛት እችል እንደሆነ በሶማሊኛ ጠየቁኝ። ያልገባኝ መስሏቸው በፈረንሳይኛ ደገሙት። ገብቶኛል። ግን የሰው ቤት ሠራተኛ ቁጭ ካለች የሚቆጣት እንጂ ተኚ ብሎ የሚለምናት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

አርታ አጠገብ ካለው ባሕር ዳርቻ ወሰዱኝ። ቀይ ሽሮፕ በዱቄት አወፍረው ቅልጥሜን ቀቡኝ። ከድንጋይ ላይ ወድቃ እግሯ የተሰበረ ሴት ነሽ ተባልኩ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ፊሽካ እስኪነፋ አትነሺ፣ ከተጠየቅሽው በላይ አትናገሪ። ሠልጣኞቹ ፈልገው ሊያገኙኝ ከኮረብታው ማዶ ተነሡ።

ከእነሱ በፊት ፍየል አገኘችኝ። ሽሮፑን አሸተተችና ትልሰው ጀመር። ምላሷ እንደ ሞረድ ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አልተነቃነቅኩም። ሠልጣኞቹ ቃሬዛቸውን ይዘው ሲደርሱ ቁስሉ እስከ ጉልበቴ ጸድቶ ነበር። የት ጋ እንደተጎዳሁ ሲጠይቁኝ በሕጉ መሠረት እግሬን አልኩ። አንደኛው ዞር ብሎ ፍየሏን አያትና፣ ከእኛ በፊት ሐኪም ደርሶላታል አለ። ማዳም ከሳቃቸው ሲመለሱ፣ ፍየል እየላሳት ያልተነሣች ቁስለኛ ከየትም አላገኝም ብለው የሚቀጥለውንም ዓርብ ያዙልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልሆንኩት በሽተኛ የለም። ክንዴ ተሰብሯል፣ እባብ ነድፎኛል፣ ከጉቤት ባሕር ሰጥሜ ወጥቻለሁ። ለልምምድ አልቅሻለሁ፣ ተሳድቤአለሁ፣ ሁለት ጊዜም ሞቻለሁ።

ተኝቶ የሚማሩት ትምህርት አለ። የሠልጣኝን እጅ ገና ሲነካኝ አውቀዋለሁ። አንዳንዱ ሳይናገር ልብስ በመቀስ ይቀዳል። አንዱ ደህናውን እግሬን በጨርቅና በዱላ ጥፍር አድርጎ አስሮልኝ ኮርቶ ቆመ። ጎበዙ መጀመሪያ ስሙን ይነግርሃል፣ ከመንካቱ በፊት ያስፈቅድሃል። በጣም ጎበዙ ደግሞ ሲንበረከክ ጥላው ፊትህ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ነው። በጅቡቲ ፀሐይ ተንጋሎ የተኛ ሰው ይህን ውለታ አይረሳም።

ቁስለኛ ሆኜ የሰማሁት ትምህርት ሲጠራቀም፣ አንድ ቀን ማዳምን፣ ይህን ያህል ከተሰበርኩ አንድ ቀን እንኳ መጠገን ብማር አልኳቸው። ፋሻና የማሰሪያ ጨርቅ አምጥተው የራሳቸውን ክንድ ዘረጉልኝ። የተግባር ፈተናውን አለፍኩ። በፈረንሳይኛ የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና ግን ጣለኝ። በሁለተኛው አለፍኩና ረዳት አሠልጣኝ ሆንኩ። ቤታቸው ሌላ ሠራተኛ ተቀጠረች፣ እኔም ካርቲዬ ሲስ የሚባለው ሰፈር ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ቤት ተከራየሁ።

በዋና አሠልጣኝነት የመጀመሪያ ክፍሌ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ዶራሌ ወደብ ጭነት የሚጠብቁ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው። ወደ አገራችን በሚወስደው የዲኪል መንገድ ሲመላለሱ፣ ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው የሚሄዱ ወጣቶችን ወድቀው ያገኟቸዋል። ምን እናድርግላቸው ብለው ራሳቸው ወደ ማዳም መጡ። ማዳም አማርኛ ስለማያውቁ፣ እሳቸው የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው እኔ እንዳስተምር ወሰኑ።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነበር። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሾክ ውስጥ ይገባል ስል አንዱ ሾፌር እጁን አውጥቶ፣ ኮረንቲው በረሃ ላይ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። ሾክ የሚለውን ቃል ተውኩት። ፊቱ ይገረጣል፣ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ ልቡ ይሮጣል እያልኩ የሚታየውን ብቻ ነገርኳቸው።

የክፍሉ አለቃ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ በዕድሜም በጨዋታም ሌሎቹን ይበልጣሉ። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ውሃ አጠጥቼ ጭኜ አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ትምህርት አለው አሉኝ። ጥሩ አድርገዋል አልኳቸው፣ እውነቴን ነበር። ሲቀልዱ ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር።

የመጨረሻው ልምምድ ከዶራሌ አለፍ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሆነ። ሙቀቱ ገብቷል፤ ብናውቅም ሾፌሮቹ የሚያርፉት ያን ሰሞን ብቻ ነበር። ማዳም መኪናው ጋ ሆነው ይቆጣጠራሉ፤ ረዳት ስላልነበረኝ ቁስለኛዋም እኔው ሆንኩ። ሁሉም ውሃ እየጠጣ እንዲሠራ አዘዝኩ። የተስማማንበት ቃልም ነበር፦ እውነተኛ አደጋ ከመጣ ያየው ሰው “ቴአትሩ አልቋል” ይላል።

እግሬን አሰሩልኝ፣ በደንብ አሰሩልኝ። ቃሬዛ ላይ አድርገው ከወንዙ ሽቅብ ተሸከሙኝ። ጋሽ ወርቁ የፊቱን እጀታ ለማንም አልለቅም አሉ። ተንጋልዬ ስሄድ ማጅራታቸው ከፊቴ ነው። ሌሎቹ በላብ ተጠምቀዋል፤ የእሳቸው አንገት ቀልቶ ደርቋል። እግራቸው ከመንገዱ እየወጣ ይመለሳል።

ድንገት ቆም አሉና፣ “ይቺን ሚዛን ላይ አውጧት፣ ጭነቱ በዝቷል” አሉ።

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልሰማሁም።

“ጋሽ ወርቁ፣ አሁን የት ነው ያለነው?”

“አዋሽ ነዋ። ኬላው አልታየሽም?”

እንደገና ተሳቀ። አውርዱኝ አልኩ። ከኋላ የያዘው፣ ቁስለኛ ሳትጠየቅ አትናገርም ብሎ የራሴን ሕግ መለሰልኝ። የታሰረ እግሬን ይዤ ከቃሬዛው ዘለልኩ።

“ቴአትሩ አልቋል” አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሽ ወርቁ ጉልበታቸው ከድቷቸው ስንይዛቸው ገላቸው እንደ ምድጃ ነበር። አንደኛው መኪና አስነሥቼ ሆስፒታል ላብርር አለ። አይሆንም፣ እዚሁ ይቀዝቅዙ፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ነው አልኩት። ከቋጥኝ ጥላ ሥር አስገባናቸው። ልብሳቸውን አወለቅን፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ከአናታቸው ጀምረን ለቀቅንባቸው። ሁለቱ በካርቶን አራገቡ። ማዳም ካድራ አምቡላንስ እየጠሩ የለስላሳውን የበረዶ ሳጥን ጎትተው ደረሱና በረዶውን በፎጣ ጠቅልለው ብብታቸውና አንገታቸው ላይ አደረጉ። ሲያስመልሳቸው በጎናቸው አዞርናቸው። አንዱ ውሃ ሊያጠጣቸው ሲል ከለከልኩት፤ አእምሮው ያልተመለሰ ሰው ትን ይለዋል።

ያን ጊዜ ፈራሁ። የማይቀልዱት ጋሽ ወርቁ ሌላ ሰው ነበሩ። ማዳም ግን ሥራሽን ቀጥይ በሚል ዓይን አዩኝ፤ ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት ራቁታቸውን ነው። ማን ልብሴን አወለቀው ብለው ጠየቁ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ፤ እግሬ ታስሮ፣ ሽሮፑ ቅልጥሜ ላይ እየወረደ ከአጠገባቸው ቆሜአለሁ።

“አንቺ፣ ቁስለኛ አልነበርሽም እንዴ? ማን አስነሣሽ?”

“እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ወርቁ።”

ሆስፒታል አሳድሮ ለቀቃቸው። ከወጣቶቹ ሾፌሮች በፊት ደከመኝ ላለማለት ውሃ ለመጠጣት እንኳ እንዳልቆሙ ኋላ ነገሩኝ። በመዝጊያው ቀን ፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ያን ቀን ያሉትን ሁሉ ጓደኞቻቸው እየነገሯቸው ከማንም በላይ ሳቁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ወርቁ ከዲኪል ወዲህ ሆነው ደወሉልኝ። አንዲት ልጅ ብቻዋን በጠራራ ፀሐይ ስትሄድ አገኟት። ወዴት ነው ቢሏት እናቴ ቤት፣ ከዚህ ማዶ ነው ብላ ባዶውን ሜዳ አሳየቻቸው። አልሳቁም፣ አልጫኗትምም። በተጎታቹ ጥላ አስተኝተው፣ ነጠላዋን ሳይገፉ ውሃ አፈሰሱባት፣ ረዳታቸው በካርቶን አራገበላት። እሳቸው የሚያወሩኝ ልጅቷ ቀና ካለች በኋላ ነው። ስልኩን ሰጧት።

ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። የት እንዳለች ጠየቅኳት።

“ጅቡቲ ነኝ፣ መኪና ሥር” አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እህቴ፣ ሐኪሙ ለምንድነው ይህን ሁሉ ውሃ የደፋብኝ?” አለችኝ።

ሾፌር ነው አላልኳትም። ቀስ ብላ እንድትጠጣ፣ እሳቸውም ዲኪል ጤና ጣቢያ እንዲያደርሷት ነግሬ ዘጋሁ። ማታውን አድርሻታለሁ ብለው ደወሉ።

አሁንም አስተምራለሁ። ለአዲስ ሠልጣኝ የምለው ይህን ነው። በሙቀት የተመታ ሰው ከመውደቁ በፊት ንግግሩ ይለወጣል። ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት። መልሱ ካልገጠመ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ጫኑት።