የእህቴ መቆሚያ ጉድጓድ

ታናሽ እህቴ ስትወለድ ያለቀሰችው ዘግይታ ነበር። ከፍ ካለች በኋላም እግሮቿ እንደ መቀስ እየተቆላለፉ አላስቆም አሏት፤ እኩዮቿ ሲሮጡ እሷ እናቴ ጀርባ ላይ ቀረች። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ እኛ ባለንበት ደሃና ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር ስም የሚያወጣለት ሰው አልነበረም። እናቴ ሰቆጣ ድረስ አዝላት ሄዳ ለጤና ጣቢያው ድሬሰር አሳየቻት። "መድኃኒት የለውም፤ በየቀኑ እግሯን እያሻችሁ አቁሟት" ብሎ መለሳቸው።

ማቆሙን እናቴ ታውቅበታለች። በእኛ አገር መሄድ የዘገየበት ልጅ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ከጓሮ የነበረውን ባዶ የእህል ጉድጓድ አፈር ሞላችበትና ለልጅቷ ወገብ ልክ አስቀረችው። ከፋሲካ በኋላ በየቀኑ እግሯን በሰሊጥ ዘይት ታሽና፣ በጭኖቿ መካከል ጨርቅ ጠቅልላ ታስገባና፣ ጉድጓዱ ውስጥ አቁማት ፀሐይ ያሞቀውን አሸዋ ዙሪያዋን ትሞላለች።

የአባቴ አባት ቄስ ነበሩ፤ ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

"በሕይወት ያለ ሰው አፈር ውስጥ አይገባም። ክረምት ሳይገባ በእግሯ ካልቆመች አበርገሌ ጠበል አወርዳታለሁ" አሉ።

ወደዚያ ጠበል ልጆች ሲወርዱ አይተናል፤ ሲመለሱ ግን አላየንም። እናቴ "እሺ አባ፣ እርስዎ እንዳሉ" አለች፤ ፊቷ ግን እሺ አላለም።

አንድ ቀን ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ ጥጥ ስፈለቅቅ እህቴ ወደ ታች እያየች ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ሰውዬው እግሬን ያዘልኝ።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ታች ያለው።"

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። "ቀባጣሪ!" አልኳትና እጄን ወደ አሸዋው ሰደድኩ። ሰማዩ ደምኖ ስለዋለ አሸዋው በርዷል፤ እግሯ ግን ትኩስ ነው። ጨርቁ ከጭኖቿ መካከል ወጥቷል፤ ጉልበቶቿ ግን ተለያይተው፣ ተረከዞቿ መሬት ይዘዋል፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ያሳረፋቸው ይመስላል። እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ለእናቴ ስነግራት አልደነገጠችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ እፍኝ ቆሎ ታስቀምጥ ጀመር። በማግስቱ ቆሎው አይገኝም። ዶሮ ለቀመው እንዳልል፣ ዶሮዎቻችን ወደዚያ ዝር አይሉም ነበር።

አባቴ ቆሎውን ሲያይ ተቆጣ። እናቴ ገበያ በሄደችበት አካፋ አንስቶ ጉድጓዱን ደፈነው፤ አፈሩንም ረግጦ ረግጦ አጠበቀው። እህቴ መደብ ላይ ሆና "ዘጋህበት! ዘጋህበት!" እያለች ታለቅስ ነበር። በማግስቱ እግሮቿ እንደገና ተቆላለፉ። እናቴ አባቴን አኮረፈችው።

አያቴ በቅሏቸውን ጭነው የመጡት ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ነው። እናቴ እያለቀሰች ልጅቷን ልታስረክባቸው ስትል እህቴ በጣቷ ወደተደፈነው ጉድጓድ አሳየች።

"እዚያ ላይ አቁሙኝ።"

እናቴ ብብቷን ይዛ አቆመቻት፤ ቀስ ብላም ለቀቀቻት። ትወድቃለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ እህቴ ቆማለች። አባቴ ረግጦ ያጠበቀው አፈር እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጦ ይዟል። አያቴ መስቀላቸውን አወጡ፤ ግን አላማተቡም።

"ማን ነው የያዛት?" አሉ።

በቅሏቸውን ባዶዋን እየሳቡ ሄዱ።

ለብዙ ጊዜ እህቴ መቆም የምትችለው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። አባቴ አፍሮ ይሁን ፈርቶ እንጃ፣ ከዚያ የሚጀምር ሁለት አግዳሚ እንጨት አበጀላት። እነሱን እየያዘች፣ ቆይታም በምርኩዝ፣ መሄድ ቻለች። ከመራመዷ በፊት ሁልጊዜ ወደ እግሯ ሥር አየት ታደርጋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

እናታችን የሞተችው አብዮቱ ሊመጣ ሲል ነው። ሬሳዋ ሲወርድ ሁላችንም ስንጮህ እህቴ አላለቀሰችም። ምርኩዟን ተደግፋ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቀረበች። ጎንበስ አለችና፣ ቤት ውስጥ በምንነጋገርበት በኽምጣኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አደራህን፣ የእሷንም እግር ያዝላት" አለች።