ግቢያችን ውስጥ የነበረችው ሐረር

ልጅ እያለሁ ሐረር የነበረችው ጅጅጋ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ከውሃው ሮቶ ሥር ነበር። ጀጎልን በጭቃ የሠራነው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ሙባረክና እናታችን ነን። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ተከርችመን የከረምንበት ዓመት ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእረፍቱ ሲፈነጥዝ እኛ ቤት ግን ጭንቅ ነበር።

ጭንቁ ሙባረክ ነው። አንደኛ ክፍልን ደግሞም ፊደል አልያዝልህ አለው። ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። አስተማሪው አባዬን አስጠርቶ "ይሄ ልጅ ትምህርት አይገባውም" አለው። አባዬ ከሐረር አትክልት እየጫነ ጅጅጋ የሚያራግፍ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ብዙ አያወራም፣ ከተናገረ ግን አለቀ። "ትምህርት ቤት እስኪከፈት ማንበብ ካልቻለ ገጠር፣ ደምበል፣ እህቴ ጋ ይሂድና ሱቅ ይልመድ" ብሎ ወሰነ። እማዬ አልተከራከረችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና "እናያለን!" አለች። በማግስቱ ደብተሮቻችንን ቁም ሳጥን ላይ ወረወረችና ጭቃ አስረገጠችን።

እማዬ ተወልዳ ያደገችው ሐረር፣ ግንቡ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን በር በቦታው አስቆመችን፦ ሸዋ በር በፀሐይ መግቢያ፣ ኤረር በር በፀሐይ መውጫ፣ ከዚያ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ፈላና በር። ግንቡን ማን እንዳሠራው፣ በሮቹ ሲመሽ ለምን ይዘጉ እንደነበር ጭቃ እያቦካች ታወራልናለች። እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ዛሬም የእሷ ድምፅ ይመጣብኛል።

ግንቡን ጨርሰን ገና ሳንጠግበው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደና ጀጎል ሾርባ ሆነ። ሙባረክ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔም ተስፋ ቆርጬ "በቃ እንተወው" ስል እማዬ ተቆጣች። "ምን ማለት ነው መተው? ለምን እንደፈረሰ ሳናውቅ?" ብላ ጭቃ አድቦለቦለችልን፤ አንዱን ባዶውን፣ አንዱን በጭድ፣ አንዱን በአመድ፣ አንዱን በእበትና በጭድ። ከደረቁ በኋላ በማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰስን የትኛው እንደሚቆይ ጠበቅን። ጎረቤታችን ወተት ነጋዴዋ፣ አክስት ለማለት ኤዶ የምንላት ሆዳን፣ በአጥር ብቅ ብላ "ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ ልጆቹን ይዛ አበደች!" ብላ ሳቀችብን፤ እበቱን ያመጣችልን ግን እሷው ናት። ባዶው ወዲያው ሟሟ። እበትና ጭዱ እስከ መጨረሻው ቆመ። ሙባረክ ከዚያ ወዲያ ግቢ ውስጥ ውሃ ያላፈሰሰበት ነገር የለም፤ የአባዬን ጫማ ጨምሮ።

ሁለተኛው ግንብ በድንጋይና በዚያ ጭቃ ቆመ። ያኔ ነው እማዬ የበሮቹን ስም ካርቶን ላይ ጽፋ የሰካችው፤ እኔን ደግሞ ኬላ ጠባቂ አድርጋ ሾመችኝ። ሙባረክ የሰርዲን ቆርቆሮ መኪናውን እየጎተተ ሲመጣ የበሩን ስም ካላነበበ አላሳልፈውም። ጭነቱም ላይ ወረቀት አለ፦ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመን። ተሳስቶ ካነበበ "ወደመጣህበት!" እለዋለሁ። አቤት ጭካኔዬ! ይሰድበኛል፣ ድንጋይ ያነሳብኛል፣ ተመልሶ ግን ይመጣል። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ክረምቱ ሲገባደድ ያነባል ብዬ የማላስበውን ሁሉ እያነበበ ያልፈኝ ጀመር።

ትምህርት ሊከፈት ሲል አባዬ ሙባረክን ጠርቶ መጽሐፍ ሰጠው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ዝም። እንደ ድሮው ዝም። አባዬ ትንሽ ጠበቀና "ልብሱን አዘጋጁለት" አለ። እኔ መጮህ ነበር ያማረኝ። እማዬ ግን ግቢ ወጥታ አምስቱን ካርቶን ነቀለችና አባዬ እጅ ላይ አስቀመጠችለት። "እስቲ አንተ መልሳቸው።"

አባዬ በዚያ ቁመቱ ቁጢጥ አለ። አንዱን ካርቶን ብዙ አየና በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው በር ላይ ሰካው።

"አባዬ! ምን ነካህ?" አለ ሙባረክ። ድምፁ አጥር ዘለለ። "ሸዋ በር ይላል እኮ! ሸ፣ ዋ! ኤረር በርን አምጣ!" ካርቶኖቹን ነጠቀው። አንድ በአንድ እያነበበ፣ በየቦታቸው እየሰካ፣ አባዬን እየተቆጣ ጨረሰ።

አባዬ ሮቶው ጋ ሄዶ የእጁን ጭቃ ሲታጠብ በጣም ቆየ። ሲመለስ ስልኩን አውጥቶ ደምበል ደወለና "ልጁ አይመጣም" አላት እህቱን።

ዛሬ ግቢው ሲሚንቶ ሆኗል፤ ሮቶውም ጣሪያ ላይ ወጥቷል። የሰፈሩ ሕፃናት በስልክ ነው የሚማሩት፤ እጃቸው ንጹሕ ነው፣ አንዳንዴ ያሳዝኑኛል። ሙባረክ መጽሐፍ ይዞ እየበላ እማዬ የምትጮህበት ጎረምሳ ሆኗል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በቀደም እረፍት ላይ አባዬን ተከትዬ ጋቢና ተሳፍሬ ሐረር ሄድኩ። የሚጭነው ሸዋ በር ገበያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጭነው እዚያው ነው። ጫኙ፣ ሻጯ፣ ለማኙ ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። መስታወት እንኳ በቅጡ ሳያይ መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳ በሩ ሥር ሲያስጠጋት ያን ቀን አሳስቶ የሰካው ካርቶን ትዝ አለኝ።

"አባዬ፣ ያን ቀን ሸዋ በርን እንዴት ሳትከው?" አልኩት።

ሞተሩን አጠፋ። "ሰው አይሳሳትም እንዴ?" ብሎ ፊቱን ሳያሳየኝ ወረደ።