የእህቴን ሰርግ ያየሁበት ዲቪዲ

ከደባርቅ የወጣሁ ለት ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያው በጉም ታፍኖ ነበር። እማ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ መስኮቱ ስር ቆማ፣ "ስሚኝማ ልጄ፣ አንድ ነገር..." ስትል ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፍቶ ተነሳ። ምን ልትለኝ ነበር? እስከ መተማ ሳስበው ሄድኩ። ካርቱም ገብቼ ሰው ቤት ወጥ ሠሪ ከሆንኩ ወዲህም በስልክ ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፦ "ረሳሁት።"

በሉ አሁን ደስታዬን ስሙኝ! ታናሽ እህቴ ሙሉ ያለእኔ ተዳረች፤ ወንድሜ የሰርጉን ዲስክ በሰው ላከልኝ። "እማ ካሜራ ፊት ቆማ ላንቺ ተናግራለች" ሲለኝ ጮኼ ተነሳሁ። ቴሌቪዥን አለን፣ ማጫወቻ ግን የለንም። አብራኝ የምትኖረው ዘሐራ የደባርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዋጋ መከራከር ከእሷ ወዲያ ላሳር ነው። አርብ ከስግደት መልስ ይዛኝ ገበያ ወጣች። ፀሐዩ! የደባርቅ ሰው ቢያየው ቤት ተቃጠለ ብሎ ይጮህ ነበር።

"ርካሽ ይሁን፣ ግን የተቀዳ ዲስክ የሚያነብ" አለችው ባለሱቁን በዐረብኛ።

"ሚያ ሚያ!" አለ ሽማግሌው፤ እንከን የለውም ማለቱ ነው። ትንሿን ማጫወቻ አውርዶ ዲስኬን ከተተልኝ።

ኧረ እሰይ! የእኛ ዳስ፣ የእኛ ሰፈር! አባባ በነጭ ነጠላ፣ አጎቴ በእስክስታ ትከሻው ሊወልቅ! እዚያው ሱቅ ውስጥ እልል አልኩላችሁ፤ ገበያተኛው ተሰበሰበ። ከዚያ እማ ብቅ አለች። "ልጄ፣ ሰማሽ..." አለችና ቀጥ። ምስሉ ዘሎ ድግሱ ላይ አረፈ።

"ይሄ ይዘላል፣ ሌላ አምጣ!" አልኩት።

ሁለተኛው እዚያው ላይ ዘለለ። ሦስተኛው ሪሞቱ ክንድ ያክላል፣ እሱም ዘለለ። ከሁሉ ውዱን አስወረድኩት። "ልጄ፣ ሰማሽ..." ድግስ!

"አንቺ ሐበሺያ" አለ ሽማግሌው ላቡን እየጠረገ፣ "አራቱም እኩል ከቆሙ ማሽኑ ነው የቆመው ወይስ ሴትዮዋ?"

"እናቴን እንዳትነካ!" ብዬ ጮኽኩበት። ዘሐራ በሳቅ ፈረሰች። "እስቲ ደውይላት" አለችኝ።

እዚያው በር ላይ ደወልኩ። "እማ፣ አንቺ ስትናገሪ ዲስኩ ይዘላል! አራት ዲቪዲ ሞከርኩ!"

"አይ አንቺ! ምን ይዘላል፣ እኔው ነኝ" አለች። "እንባዬ ሲመጣብኝ ካሜራ የያዘውን ልጅ አጥፋው አልኩት። በሰርግ ቀን ይለቀሳል?"

"ታዲያ ምን ልትዪኝ ነበር? የመናኸሪያውስ?"

ከኋላዋ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ሰማሁ፤ የእነማን ውሻ እንደሆነ እንኳ ለየሁት።

"አልረሳሁትም" አለች። "ግን እሱ በስልክ አይባልም፣ በካሜራም አይባልም። ነይና እነግርሻለሁ።"

ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቄ ትንሿን ገዛሁ። እናንተም ልትገዙ ካሰባችሁ ዲስካችሁን ይዛችሁ ሂዱና አስሞክሩ፤ ርካሹ ምንም አላጎደለብኝም፣ ጥርት አድርጎ ያሳያል። አርብ አርብ ሰርጉን እናያለን፣ ዘሐራ እንግዶቹን ሁሉ በስም ለይታለች። እማ "ልጄ፣ ሰማሽ..." ስትል እኔ ሁልጊዜ "አቤት እማ" እላለሁ። ከዚያ ድግሱ ይመጣል።