በሁዳዴ የወቀጥኩት መድኃኒት

እኔ አንድ ቤት አልበረክትም። ቢሾፍቱ ልጄ ዘንድ ጥቂት እሰነብትና አዳማ ታናሽ እህቴ ዘንድ እወርዳለሁ፤ እዚያም ሳልቆይ ሶደሬ ፍል ውኃው ያምረኛል። አምና በሁዳዴ ግን እህቴን ጨጓራዋ ስለጣላት አዳማ ረጋ ብዬ ተቀመጥኩ። መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ በፊት፣ አንድ ካፕሱል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ካፕሱሉን አየችና፣ «ይሄ ሽፋኑ እኮ ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው» አለችን።

እህቴ ክው አለች። «እትዬ! በሁዳዴ ሥጋ ስውጥ ከረምኩ?»

«ምን ቸገረሽ፣ መድኃኒቱ ያለው ውስጡ ነው። እንቁላል ከነቅርፊቱ ትበያለሽ?» አልኳት።

ሽፋኑን ስከፍተው ውስጡ ዳጉሳ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ። ቶሎ እንዲሠራላት ብዬ በነጭ ሽንኩርት ሙቀጫዬ አድቅቄ፣ በውኃ በጥብጬ አጠጣኋት። ፊቷን አጨማዳ፣ «ወጥ መሰለኝ» እያለች ጠጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግን። እኔማ በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

እህቴ ግን ባሰባት። ቃጠሎው ሲነሳባት እጥፍ ብላ ትተኛለች። ደሜ ፈላ። ባዶውን ካርቶን ይዤ ፋርማሲው ሄድኩና ሰልፈኛው ፊት፣ «ኖራ ሸጣችሁልን እህቴን ልትገድሉብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ባለሙያዋ የልጅ ልጄን የምታክል ናት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቢሆንም፣ «አኮ፣ ይቀመጡ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። «እንዴት ነው የሚሰጧት?»

ሁሉንም ነገርኳት። ከሰልፉ አንዱ፣ «መድኃኒቱን ቅመም አደረጉት እንዴ እማማ?» ሲል ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ይሄን መድኃኒት የጨጓራ አሲድ ያጠፋዋል» አለችኝ። «ፍሬዎቹ የተለበጡት ጨጓራን በደህና እንዲሻገሩ ነው። ልባጣቸው የሚሟሟው ቀጭኑ አንጀት ሲደርሱ ነው። መድኃኒቱ ከዚያ በአንጀቱ ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ በደም ዞሮ ነው ጨጓራን የሚያክመው። ካፕሱሉን መክፈቱ ባልከፋ፣ መውቀጡ ነው እንጂ።»

እኔ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት እንደ ቅባት እዚያው ጨጓራው ላይ የሚለጠፍ ይመስለኝ ነበር። ልብሱን ገፍፌ እሳት ውስጥ ነው ለካ የምጨምረው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ይቅርታ ማለት አቃተኝ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ፣ የሰጠችኝን የዚያኑ መድኃኒት አዲስ ካርቶን ይዤ ወጣሁ።

እቤት ስገባ ለእህቴ፣ «ሌላ ሰጡኝ። ይሄኛው አይወቀጥም፤ ፍሬውን ሳታኝኪ ዋጪው» አልኳት። ከዚያ በላይ ትንፍሽ አላልኩም።

ተሻላት። ለፋሲካ ጎረቤታችን ስትመጣ እህቴ፣ «እትዬ ሄዳ ብትቆጣቸው ነው ደህናውን መድኃኒት ያወጡት» ብላ አሞገሰችኝ። ጎረቤታችንም፣ «እኔማ ካሁን ወዲያ ከዚያች የፋርማሲ ልጅ አልገዛም፤ ለሰፈሩም እናገራለሁ» አለች።

ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ተዪ፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አልኩ። «መድኃኒቱ ያው ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ስወቅጠው።»

ጎረቤታችን አቀረቀረች። እህቴ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ያን ሁሉ ቀን ስቃጠል?» አለች።

«አዎ» አልኳት። ቀና ብዬ ግን አላየኋትም።